መብራት ሲመለስ

ተጠራጣሪው፦ ዲስክሽ ተቃጠለ ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

አድናቂዋ፦ እውነት ነው ጋሼ። ማክሰኞ ማታ መብራት ሄደ። ኮምፒዩተሩን ከሶኬት ሳልነቅል ሻማ ፍለጋ ወጣሁ። ሁለት ሰዓት ቆይቶ መብራቱ ሲመለስ ጧ የሚል ድምፅ ተሰማኝ፤ ሮጬ ስደርስ ክፍሉ የተቃጠለ ሽቦ ይሸታል። የሁለት ሰርግና የአጭር ፊልሜ ቀረጻ እዚያ ላይ ነበር። ሰርጎቹን ለሙሽሮቹ አስቀድሜ አስረክቤያለሁ፣ እግዜር ይመስገን። የሚያንገበግበኝ ፊልሙ ነው።

ተጠራጣሪው፦ አዝናለሁ ልጄ። አሁን ምን አሰብሽ?

አድናቂዋ፦ እንደገና እቀርጻለሁ። እዚሁ ካምፓላ ውስጥ፣ ከካባላጋላ በቦዳ ቦዳ ሞተር በሚደረስበት ሰፈር፣ ከእኔ የባሰ የደረሰባቸው ሰዎች አሉ። ዋካሊጋ። እነሱ ካልተዉት እኔ የምተወው ለምንድን ነው?

ተጠራጣሪው፦ እንድትተዪ አልፈልግም። ዋካሊጋን ምሳሌ ማድረግሽ ግን ያሳስበኛል። ስለዚያ ስቱዲዮ የሚነገረው ሁሉ አድናቆት ነው። ከአድናቆቱ ሥር ያለውን ኪሳራ ቁጭ ብሎ የሚቆጥር ሰው አላገኘሁም።

አድናቂዋ፦ እንግዲያው ከመጀመሪያው ልንገርዎት፤ ኪሳራውን ኋላ ይቆጥሩልኛል። አይዛክ ናብዋና ጡብ እየሠራ ይተዳደር የነበረ ሰው ነው። በልጅነቱ ሲኒማ ቤት ገብቶ አያውቅም። ወንድሞቹ ፊልም አይተው ሲመለሱ ታሪኩን ይተርኩለታል፤ እሱ ምስሉን በጭንቅላቱ ይሥለዋል። ጡብ ሠርቶ ባጠራቀመው ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ2005 ራሞን ፊልም ፕሮዳክሽንስን አቋቋመ። ስሙን ያወጣው ከሁለት አያቶቹ፣ ከራሔልና ከሞኒካ ነው። ዛሬ ዓለም ዋካሊዉድ የሚለው ይህንኑ የሰፈር ስቱዲዮ ነው። ኮምፒዩተሮቹን ከአሮጌ ዕቃ ራሱ ገጣጠመ፤ ኤዲቲንጉንም በአብዛኛው ራሱን አስተማረ።

ዓመቱን ልብ ይበሉልኝ ጋሼ። በ2005 እና በ2006 የቪክቶሪያ ሐይቅ ውሃ በጣም ቀንሶ ነበር። ያኔ የዩጋንዳ መብራት ከሞላ ጎደል የሚመጣው ጂንጃ ላይ ካሉት ግድቦች ነው። ሐይቁ ሲወርድ ካምፓላ በፈረቃ ጨለመች። ሰውየው በኮምፒዩተር ፊልም ልሥራ ብሎ የተነሳው ልክ በዚያ ሰሞን ነው።

ተጠራጣሪው፦ ድፍረቱን አልክድም።

አድናቂዋ፦ ድፍረት ብቻ አይደለም፣ ዘዴም አለው። የመሣሪያዎቹን ነገር ያውቃሉ? ዳውዳ ቢሳሶ የሚባል ባለሙያ አላቸው። መትረየሱን፣ ሮኬት ተኳሹን፣ የሄሊኮፕተሩን አካል ሳይቀር ከቁርጥራጭ ብረት ይሠራዋል። ለልዩ ምስል የሚያስፈልገውን አረንጓዴ ሸራ ከሰፈር ገበያ በተገዛ ጨርቅ ተኩ፤ ግድግዳ ላይ ሰቀሉትና ቀረጹ። ለደም መጀመሪያ የከብት ደም ይጠቀሙ ነበር። ለተዋናዮቹ ጤና እንደማይበጅ ሲያዩ ኮንዶም ውስጥ ቀይ ቀለም ሞልተው ልብስ ሥር ማሰር ጀመሩ። ክሩ ሲሳብ ይፈነዳል፤ ካሜራው ፊት ከከብቱ ደም የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

ተጠራጣሪው፦ ይሄን ስሰማ የመርካቶው ምናለሽ ተራ ትዝ ይለኛል። አንድ ሰው የዘይት በርሜል ይዞ ይገባል፣ ሌላው ምጣድ ይዞ ይወጣል። ቆራሌው ከየሰፈሩ የለቀመው ብረት እዚያ ሌላ ሕይወት ያገኛል። ይህን ጥበብ ከልቤ አከብራለሁ።

እኔ የምለው ሌላ ነው። ዕቃ ማጣትና ሥራ ማጣት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሰዉ ደባልቋቸዋል። እውነተኛ ጠመንጃ ባይኖርሽ የብረት ጠመንጃ ትሠሪያለሽ፤ ፊልሙም ምናልባት የራሱ መልክ ይኖረዋል። የተሠራው ፊልም ሲጠፋ ግን በምን ትተኪዋለሽ? የጠፋ ፋይል በቁርጥራጭ ብረት አይገጣጠምም። ዋካሊዉድ በመጀመሪያው ነገር ጎበዝ ነው። በሁለተኛው ተሸንፏል። የሚያሳዝነኝ ሽንፈቱን የጀግንነቱ አካል አድርገን ማውራታችን ነው።

አድናቂዋ፦ «ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው?» የሚለውን ፊልም ማንሳትዎ ነው።

ተጠራጣሪው፦ እሱን ነው። በ2010 የወጣ። ወጪው ከ200 ዶላር በታች እንደነበር የሚነገርለት። በዓለም ዙሪያ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ያየው። ናብዋና የማስቀመጫ ቦታ ስላልነበረው አንዱን ፊልም ጨርሶ ወደ ሚቀጥለው ሲሄድ የፊተኛውን ፋይሎች ይሰርዝ ነበር። የካፒቴን አሌክስም ጥሬ ሥራ እንዲሁ ተሰረዘ። ዛሬ ያለው ቪጄ ኤሚ በላዩ የሚናገርበት ቅጂ ነው። ያለ እሱ ድምፅ ያለው ንጹሕ ፊልም ጠፍቷል። በዚያው ዓመት የሠሩት «ቴባቱሳሱላ» ደግሞ ያንቺ ዕጣ ደረሰው፤ ድንገት የመጣ ኃይል ዲስኩን አበላሸውና ፊልሙ ለዓመታት እንደ ጠፋ ተቆጠረ። አንዱ በእጥረት፣ አንዱ በመብራት። ሁለቱም በአንድ ዓመት የተሠሩ ፊልሞች ናቸው።

አድናቂዋ፦ የኤሚን ድምፅ እንደ ጉድፍ ቆጠሩት። ዩጋንዳ ውስጥ ቪጄ ምን እንደሆነ እያወቁ?

ተጠራጣሪው፦ ንገሪኝ፣ እሰማሻለሁ።

አድናቂዋ፦ ቢባንዳ የሚሏቸው የቪዲዮ አዳራሾች አሉ። አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ትንሽ የመግቢያ ሒሳብ። የሚታየው ፊልም የአሜሪካ ወይም የሆንግ ኮንግ ነው፤ ተመልካቹ ቋንቋውን አያውቅም። ቪጄው ማይክሮፎን ይዞ ፊልሙ እየሄደ በሉጋንዳ ይተረጉማል። ትርጉም ብቻ አይደለም። ይቀልዳል፣ ያብራራል፣ ተዋናዩን ይመክራል፣ የሰፈሩን ወሬ ያስገባል። ሰው «የትኛው ፊልም ነው?» ከማለቱ በፊት «የትኛው ቪጄ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ ካፒቴን አሌክስን በቪጄ ድምፅ ማየት የተበላሸ ቅጂ ማየት አይደለም፤ የካምፓላ ሰው ፊልም የሚያይበትን መንገድ አብሮ ማየት ነው። የውጭ አገር ተመልካችም የወደደው ይህንኑ ነው። ኤሚ ባይኖር ፊልሙ ይህን ያህል ይራመድ ነበር ወይ? አይመስለኝም።

ተጠራጣሪው፦ የተናገርሽውን በሙሉ እቀበላለሁ። ክርክሬንም ያጠነክረዋል። የቪጄ ጥበብ ሕያው የሆነው ዛሬ አንዱ ቪጄ፣ ነገ ሌላው፣ በሌላ አዳራሽ፣ በሌላ ቀልድ ያንኑ ፊልም እንደገና ስለሚተረጉመው ነው። ይህ የሚሆነው ጥሬው ሲኖር ነው። ጥሬው ከጠፋ አንድ ድምፅ ለዘላለም ተጣብቆ ይቀራል። ከኤሚ በኋላ የሚመጣ ወጣት ቪጄ ካፒቴን አሌክስን በራሱ አንደበት ልተርጉመው ቢል አይችልም። ተዋናዮቹም የተናገሩት ከኤሚ ድምፅ ሥር ተቀብሯል። አንድ ጎረምሳ ያለ ክፍያ መጥቶ ጭቃ ውስጥ ተንከባሎ የተናገረው ቃል ነው።

አድናቂዋ፦ ይሄኛው ከበደኝ።

ተጠራጣሪው፦ ይከብዳል።

አድናቂዋ፦ ቢሆንም ፍርዱ በናብዋና ላይ ብቻ አይሁን። ናሳ ምን አደረገ? በ1969 ሰው ጨረቃ ላይ ሲወርድ የተቀዳበትን ዋናውን ቴፕ ፍለጋ ዓመታት ፈጅተው በ2009 ያመኑት ነገር ቴፖቹ ተሰርዘው ለሌላ ሥራ እንደዋሉ ነው። ምክንያቱ የቴፕ እጥረት ነበር! ቢቢሲም በዚያው ዘመን የድራማ ቴፖቹን እየደመሰሰ እንደገና ይቀዳባቸው ነበር። ከአሮጌ ዕቃ ኮምፒዩተር የገጣጠመ የዋካሊጋ ሰው ጨረቃ የደረሱት ያደረጉትን ቢያደርግ ምን ይገርማል?

ተጠራጣሪው፦ አይገርምም። የእኔ ነገር ስህተቱ የድሃ ብቻ ነው የሚል አይደለም። ስህተት ነው ነው የምለው። ናሳም ሲሳሳት ማንም ተነስቶ «እንዴት ያለ ፈጠራ ነው» አላለም፤ አዘኑ፣ አሠራራቸውንም መረመሩ። ለዋካሊጋም ያንኑ ክብር እንስጥ። ከሰው እኩል ማየት ማለት ጥፋቱንም እንደ ማንኛውም ሰው ጥፋት ማየት ነው።

አንድ ሌላ ታሪክ ልጨምርልሽ። በ1998 ፒክሳር የሚባለው ስቱዲዮ «ቶይ ስቶሪ 2»ን እየሠራ ሳለ አንድ ሰው የተሳሳተ ትእዛዝ ሰጠና የፊልሙ አብዛኛው ክፍል ከኮምፒዩተሮቹ ላይ ተጠረገ። ወደ ባክአፑ ሲሄዱ እሱም ከጥቂት ጊዜ ጀምሮ በትክክል አይሠራም ነበር። ያዳናቸው ምንድን ነው? ጌሊን ሱስማን የምትባል የቴክኒክ ኃላፊ ልጅ ወልዳ ስለነበር ቤቷ ሆና ለመሥራት የፊልሙን ቅጂ ወስዳ ነበር። መኪናቸው ውስጥ በብርድ ልብስ ጠቅልለው አመጡት። ያ ሀብታም ስቱዲዮ የተረፈው አራስ ቤት በነበረ ኮምፒዩተር ነው። በሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ ማለት ይሄ ነው።

አድናቂዋ፦ ጋሼ፣ እሱ ዕድል እንጂ ዕቅድ ነው እንዴ? ሴትዮዋ የወሰደችው ለባክአፕ ብላ አይደለም። የፒክሳር ዕድል ብልሃት፣ የዋካሊጋ ዕድል ግን ግድየለሽነት ሊባል አይገባም። እኔ እንዲያውም ዋካሊጋ ሳያውቀው ከፒክሳር የተሻለ መንገድ ነበረው እላለሁ። ፊልሙ እንዳለቀ ተዋናዮቹ ራሳቸው ዲቪዲውን ይዘው ቤት ለቤት ይዞሩ ነበር፤ ከሽያጩም ድርሻ ነበራቸው። ለመሸጥ የነበራቸው ጊዜ አንድ ሳምንት ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሕገወጥ ቅጂው ገበያውን ይሞላው ነበር። አሁን ያስቡት። በሳምንት ውስጥ ፊልሙ በስንት ቤት መሳቢያ ውስጥ ገባ? የዋናው ኮምፒዩተር ቢቃጠል፣ ቢሰረዝ፣ ፊልሙ ሰው ቤት አለ። ለሕዝብ የወጣው ቅጂ ነው የተረፈው። የናብዋና መዝገብ ቤት ተመልካቹ ነበር።

ተጠራጣሪው፦ ከነገርሽኝ ሁሉ ይሄኛው በጣም ጠንካራ ነው።

አድናቂዋ፦ የእኛን አገር ያስታውሱ። አዲስ አበባ ውስጥ የቪዲዮ ፊልም ሲኒማ ቤት መታየት በጀመረበት ዘመን ፕሮዲዩሰሩ ሲዲ ማውጣት ይፈራ ነበር። ሌባ ይገለብጠዋል ብሎ ቅጂውን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃል፤ ከሲኒማ ቤት ወደ ሲኒማ ቤት ራሱ ተሸክሞ ይወስደዋል፣ ራሱ ይመልሰዋል። መጠበቁ ልክ ነበር፤ እንጀራው ነው። ግን ያ አንድ ቅጂ ሲበላሽ ማን ጋ ይገኛል?

ተጠራጣሪው፦ ልክ ነሽ፤ የታፈነ ቅጂ ቶሎ ይሞታል። ይሄንን እሰጥሻለሁ። ነገር ግን የተበተነው ያለቀለት ፊልም ነው። ጥሬ ቀረጻው፣ ድምፁ ለብቻው፣ ሙዚቃው ለብቻው፣ እነዚህ ማንም ቤት አልገቡም። እንደ ዲቪዲ የተጨመቀ ምስል ደግሞ አንዴ የጣለውን ዝርዝር አይመልሰውም። የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ተመልከቺ። በ1974፣ አብዮቱ በሚፈነዳበት ሰሞን፣ በሁለት ሳምንት፣ በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ አገር ቤት ተቀረጸ። ገንዘብ አልነበረም፣ ጊዜ አልነበረም፣ ሁኔታው አስፈሪ ነበር። ከዋካሊጋ ያነሰ ችግር አልነበረበትም። ፊልሙ ግን ኔጋቲቭ ነበረው። ሠላሳ ዓመት አልፎ በ2006 ጣሊያን አገር ቦሎኛ ላይ እንደገና ታድሶ ወጣ። አቧራው ተጠረገ፣ ጭረቱ ተሞላ። ያ የሆነው የሚታደስ ነገር ስለነበር ነው።

አድናቂዋ፦ ኔጋቲቭ ለማጠብ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል፤ ላቦራቶሪው ደግሞ ያለው ውጭ አገር ነው። ፊልሙ በውጭ ዳነ፣ በውጭ ታደሰ። እስቲ ይንገሩኝ፣ የዚያን ፊልም ገበሬዎች የሚመስሉ ስንት ኢትዮጵያውያን አዩት? ካፒቴን አሌክስን መጀመሪያ ያየው የዋካሊጋ ሰው ነው። ልጁ ሲሞት አይቶ የሳቀው፣ የጎረቤቱን ቤት በስክሪን ያወቀው። የተጠበቀና ያልታየ ፊልም፣ የታየና በከፊል የጠፋ ፊልም፣ ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ቢሉኝ እኔ የቱን እንደምመርጥ ያውቃሉ።

ተጠራጣሪው፦ ማን አስገደደሽ ልጄ? ለምን አንዱን ብቻ? እኔን የሚያናድደኝ ይኼ «ከሁለት አንዱ» ነው። ድሃ ስለሆንሽ ወይ ታይተሽ ጥፊ፣ ወይ ሳትታዪ ቆዪ ሊሉሽ አይገባም።

አድናቂዋ፦ የሚያስገድደኝ ሒሳቡ ነው። ለአንድ ዲስክ የምከፍለው ለሁለት ቀን ቀረጻ ይበቃኛል፤ የትራንስፖርት፣ የምሳ፣ የመብራት ኪራይ ይችላል። ሁለተኛ ዲስክ ከገዛሁ ሁለት ቀን አልቀርጽም። ናብዋናም የተጋፈጠው ይህንኑ ነው። ያለፈውን ፊልም ማስቀመጥ ወይስ ቀጣዩን መሥራት? ቀጣዩን መረጠ። «ሬስኪዩ ቲም» መጣ፣ «ባድ ብላክ» መጣ፣ በ2014 የተሠራው «ክሬዚ ወርልድ» በ2019 ቶሮንቶ ፌስቲቫል ላይ ታየ። በ2022 ጀርመን አገር ካሰል ከተማ ዶኩሜንታ የሚባለው ትልቅ የሥነ ጥበብ ትርዒት ላይ በዋካሊጋ ዩጋንዳ ስም ተጋብዘው ሄዱ። በ2010 ቆሞ ዲስክ እስኪገዛ ቢጠብቅ ኖሮ ይሄ ሁሉ ይመጣ ነበር?

ተጠራጣሪው፦ ይመጣ ነበር ወይ አይመጣም ማንም አያውቅም። የማውቀውን ልንገርሽ። በ2015 በበይነ መረብ ለቴባቱሳሱላ ተከታይ ፊልም 160 ዶላር ብቻ ብለው ጠየቁ፤ ያገኙት 13,181 ዶላር ነው። ሰው ሊሰጥ ዝግጁ ነበር። ገንዘቡ በአምስት ዓመት ዘገየ፤ እስከዚያ ግን የጠፋው ጠፋ። አላን ሆፍማኒስ የሚባለው ሰውም ከኒው ዮርክ መጥቶ ዋካሊጋ መኖርና መሥራት የጀመረው ከካፒቴን አሌክስ በኋላ ነው። ስለዚህ እርዳታው የመጣው ከውጭ ነው፤ በውጭ ሰው መምጣት ላይ የቆመ ሥርዓት ደግሞ ለአንቺ አይሆንሽም። ወደ አንቺ ስቱዲዮ ማንም ከኒው ዮርክ ላይመጣ ይችላል።

አድናቂዋ፦ ሰውየው የመጣው የካፒቴን አሌክስን ቅምሻ በኢንተርኔት አይቶ ነው። ቅምሻው ስለነበረ ነው የመጣው! ሥራው ቀደመ፣ እርዳታው ተከተለ። ከዚያ በፊትም ለዓመታት የያዛቸው የካምፓላ ገዢ ነው፤ ዲቪዲውን በሺሊንግ የገዛው ሰው። ይህን ሰው እየዘለሉ ሁሉንም ከኒው ዮርክ ማስጀመር ትክክል አይደለም።

ተጠራጣሪው፦ ይሁን፣ ዘልዬዋለሁ። መልሼዋለሁ።

አሁን ግን ስለ ማክሰኞ ማታ እናውራ። ኮምፒዩተርሽን የገደለው መብራት መሄዱ ይመስልሻል፣ አይደል?

አድናቂዋ፦ ሌላ ምን ይሆናል?

ተጠራጣሪው፦ መመለሱ ነው። መብራት ሲሄድ ያልተቀመጠ ሥራ ይጠፋል፣ ሬንደር ይቋረጣል፣ አንዳንዴ ፋይል ይበላሻል። ዕቃ የሚያቃጥለው ግን ብዙ ጊዜ ሲመለስ ነው። በሰፈሩ ያለው ፍሪጅ ሁሉ፣ የውሃ ፓምፑ፣ የብየዳ ቤቱ እንደተሰካ ነው የሚጠብቀው። መስመሩ ሲመለስ ሁሉም በአንዴ ይስባል፤ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ይዘላል። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ናቸው አደገኛ። ሻማ ከመፈለግሽ በፊት ሶኬቱን መንቀል፣ መብራት ሲመጣ አምስት ወይም አሥር ደቂቃ መታገሥ፤ ለዚህ ምንም ገንዘብ አይጠየቅም። ሳይቃጠል በቅጠል ይሉ የለም? ከዋካሊጋ የመጀመሪያ ዓመታት ወዲህ አገሪቱም ተለውጣለች። ቡጃጋሊ በ2012 250 ሜጋዋት ይዞ ገባ፤ ካሩማ 600 ሜጋዋት ይዞ በ2024 ተመረቀ። ግድቡ ውሃ አያጣ ይሆናል፤ የሰፈርሽ ትራንስፎርመርና ሽቦ ግን ያው ነው። ማክሰኞ ማታ ችግርሽ ሐይቁ ዘንድ አልነበረም፣ ግድግዳሽ ላይ ነበር።

አድናቂዋ፦ ነቅዬው ቢሆን ኖሮ።

ተጠራጣሪው፦ ራስሽን አትውቀሺ። ዲስኩን የት አደረግሽው?

አድናቂዋ፦ ካርቶን ውስጥ። ልጥለው ነበር።

ተጠራጣሪው፦ እንዳትጥዪው! እንደገናም ኃይል አትስጪው። የዲስክ መረጃ የተጻፈው ውስጥ ባሉት ክብ ሳህኖች ላይ ነው። ከሥሩ የተለጠፈችው አረንጓዴ ሰሌዳ ናት ኤሌክትሪኩን የምትቀበለው፤ ኃይል ሲበዛ ብዙ ጊዜ ቀድማ የምትቃጠለው እሷ ናት። ሳህኖቹ ሳይነኩ ሊቀሩ ይችላሉ። ተመሳሳይ ሞዴል ሰሌዳ አግኝቶ፣ የዚያን ዲስክ መለያ የያዘችውን ትንሽ ቺፕ ከአሮጌው ነቅሎ አዲሱ ላይ የሚበይድ ባለሙያ መረጃውን የሚያወጣበት ጊዜ አለ። ሁልጊዜ አይሳካም። ግን ተቃጠለ የተባለ ሁሉ አልጠፋም። እንግዲህ ይሄም ያው የምናለሽ ተራ ጥበብ ነው፤ ያንቺን ዋካሊጋ እዚህ ጋ እጠቀምበታለሁ።

አድናቂዋ፦ ቢወጣልኝ… ጋሼ፣ ቢወጣልኝ እንኳ ጥያቄዬ አለ። ቀጣዩን ፊልም ላቆመው ነው? እርስዎ የሚሉኝ መጀመሪያ ዲስክ፣ መጀመሪያ ዩፒኤስ፣ መጀመሪያ ስታብላይዘር ነው። ሁሉም እስኪሟላ ተዋናዮቼ ይበተናሉ። አንዷ ወደ ካናዳ ፕሮሰሷ አልቋል፤ ወር ብቆይ አላገኛትም። ፊልም ሥራ ውስጥ ሰውም እንደ ፋይል ይጠፋል። ሰው ባክአፕ የለውም። ናብዋና የሰበሰባቸው ልጆች ዛሬ አሉ ማለት ነገ አሉ ማለት አልነበረም። ለዚያ ነው የቸኮለው።

ተጠራጣሪው፦ ለዚህ መልስ የለኝም።

አድናቂዋ፦ የለዎትም?

ተጠራጣሪው፦ የለኝም። ልጅቷ ከመሄዷ በፊት ቅረጺ። ዲስክ ሳይኖርሽም ቅረጺ። እንዲያ ሲሆን ግን የምትቀርጪው ሊጠፋ እንደሚችል እያወቅሽ ነው፤ እሷም ትወቀው። ያለ ክፍያ ለሚመጣ ሰው የሚከፈለው ቢያንስ ሥራው እንዲቆይ መሞከር ነው። ዋካሊጋ ያን ለመክፈል አቅም አልነበረውም፤ አልፈርድበትም። አንቺ ግን የእሱን ታሪክ ሰምተሻል። ሰምተሽ እንደገና በአንድ ዲስክ ብትሠሪ ያንቺ ምክንያት የእሱ ምክንያት አይሆንም።

አድናቂዋ፦ እርስዎ በቆየው ይለካሉ፣ እኔ በተሠራው። አንስማማም።

ተጠራጣሪው፦ አንስማማም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የፊልሙን ቁራጭ ለማንም ልከሽ ነበር? ሲቆረጥ፣ ለማሳየት?

አድናቂዋ፦ ለማንም… ቆይ። ለልጅቷ። ካናዳ ለምትሄደው። ለእናቷ ላሳያት ብላ ስትለምነኝ ግማሹን በፍላሽ ሰጥቻት ነበር። ድምፁ ያልተስተካከለ፣ ቀለሙ ያልተነካ ነው። እናቷ ደብረ ብርሃን ናቸው፤ ሰው ሲሄድ ልካላቸዋለች።

ተጠራጣሪው፦ ደውዪላት። ለእናትየውም ደውዪ፣ ፍላሹን እንዳይደመስሱት ንገሪያቸው። አሁኑኑ፣ መብራት እያለ።